ቅቤ ተቀብቼ ድብ አገር

ረቡዕ፣ ሜይ 4፣ 2022፣ ከሥራ መልስ

እግሬን ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ነክሬ ነው የምጽፍልህ፣ ደብተሬ። ጨው ጨምሬበታለሁ። ዛሬ ግሮቭፖርት ዌርሃውስ ውስጥ ያልዞርኩት መደርደሪያ የለም። ስካነሯ በየመሃሉ ትሞትብኛለች፤ ሱፐርቫይዘሩ እኔ የገደልኳት ይመስል ያፈጥብኛል። ይሁን።

ዋናው ነገር ይኸ አይደለም። ልጄ ሜላት እንደገና አነሳችው። (ስናደድባት ሜ. ብዬ ነው የምጽፋት፤ እስካሁን ለምደኸዋል።) የበጋ ሥራ አግኝታለች። ዌስት ቨርጂኒያ፣ ተራራ ውስጥ፣ ሐይቅ ዳር። እንግዶችን የእግር መንገዱ ላይ እየመራች ስለ ዛፉ፣ ስለ ወፉ መንገር። በጋውን ሙሉ። እዚያው የእንጨት ቤት ውስጥ ከሌላ ልጅ ጋር ታድራለች። ይኸም ይሁን። ግን ድብ አለ! ማን ነገረኝ? ራሷ ሜ.፣ ያውም ፊቷ እየበራ።

ነርስ ትሆናለች ስል ኮሌጅ የደን ትምህርት ገባች። እሺ ብዬ አለፍኩት። አሁን ደግሞ ደኑ ውስጥ ልግባ አለች።

አባቷ በላይ ያው መንገድ ላይ ነው፤ ዛሬ ኔብራስካ ደርሷል። ትራኩን እየነዳ፣ አንቺ ያልሽው ይሁን ብሎ ስልኩን ዘጋው። ያን ሁሉ ጭነት የሚጎትት ሰው ይቺን አንዲት ነገር እኔ ላይ ጣላት።

አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። በዚህ አገር ሕግ እኔን መጠየቅ የለባትም። ግን በራፉ ላይ ቆመች፤ ሁልጊዜ በእንግሊዝኛ የምትመልስልኝ ልጅ በአማርኛ ተናገረች፦ «እማ፣ ካልመረቅሽኝ አልሄድም።»

እኔው ነኝ ያስተማርኳት። ፈተና ሲኖርባት፣ መንጃ ፈቃድ ልታወጣ ስትሄድ፣ ጉልበቴን ስማ፣ እኔ መርቄ ነው የምትወጣው። አሁን ቁልፉ እጄ ላይ ሆነ። ካልመረቅኳት አትሄድም። እውነቱን ልንገርህ? ደስ አለኝ።


ዓርብ፣ ሜይ 6፣ የምሳ እረፍት

ብሬክ ሩም ውስጥ ነኝ። እትዬ ዙሪያሽ አጠገቤ፣ ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቅናለች። እሽግ ላይ ነው የምትሠራው፣ ሰፈራችን ሬይኖልድስበርግ ስለሆነ በሷ መኪና ነው የምንመጣው። ቪዲዮ ታሳየኛለች። ድብ የመኪና በር ይከፍታል። እንደ ሰው! እጀታውን ስቦ! ገብቶ ይቀመጣል።

ጅብ ብትለኝ አውቀዋለሁ። ኮተቤ ነው ያደግኩት። ማታ ይጮሃል፣ ጠዋት የለም፣ በቃ። ድብ ግን አገራችን የለም። የማላውቀውን አውሬ እንዴት እንደሚፈሩት እንኳ አላውቅም፤ ስለዚህ በደፈናው እፈራለሁ።

እትዬ ዙሪያሽ፣ እንዴት አንድ ልጅሽን ለአውሬ ትሰጫለሽ አለች። እኔስ መቼ ሰጠሁ?


ዓርብ፣ ሜይ 6፣ ማታ

ከሜ. ጋር ተስማማን። ሳታዪ እምቢ አትበዪ አለችኝ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ደርሰን እንመለሳለን። መልስ የሚጠብቁት ከዚያ በኋላ እስካለው ዓርብ ድረስ ነው። እሺ አልኩ። ለምን እሺ እንዳልኩ ላንተ ብቻ፦ አይቼው ነው እምቢ ያልኩት ለማለት። ሳታዪ የምትለዋን ሰበብ ልነጥቃት። ደግ እናት ነኝ አላልኩህም።


ዓርብ፣ ሜይ 13፣ ማታ

ስንቅ እያዘጋጀሁ። ጥብስ። የድርቆሽ ፍርፍር። የተቀቀለ እንቁላል። ዳቦ። ሃምሳው አላለቀም፣ ዓርብም ቅዳሜም ጾም የለ፣ ምን ይከለክለኛል። ሜ. ለሁለት ሰው ነው ትላለች። መንገድ አይታወቅም እላለሁ።

የቦታውን ሕግ አነበበችልኝ። ምግብ መኪና ውስጥ አይተውም። ሽቶ አይቀቡም። ሎሽን አይቀቡም። የድብ አፍንጫ ከየትኛውም ውሻ ይበልጣል። እሺ። ሽቶዬን ቁምሳጥን ውስጥ አስገባሁ። እጄ እንደ ብራና ቢደርቅም ሎሽን የለም። ነገ በእኔ በኩል አንዲት ስሕተት አታገኝም።

ራሴን ግን ይወቅረኛል። ከጠዋት ጀምሮ። ኪኒን ዋጥኩ፣ አልሰማም አለ። እትዬ ዙሪያሽ ኮል አድርጋ፣ ቅቤ ነው መድኃኒቱ አለችኝ። እውነቷን ነው። ለራስ ብዬ ሳላነጥር ፍሪዘር ያስቀመጥኳት የሸኖ ቅቤ ነበረች። መዳፌ ላይ አሟሸሁና አናቴ ላይ ጣል። ቀዝቀዝ ሲል ነፍሴ መለስ አለች። ፌስታል፣ ከላዩ ሻሽ። ጠዋት ታጥቤ እወጣለሁ።


ቅዳሜ፣ ሜይ 14፣ መኪና ውስጥ

ፊደሌ ቢንጋደድ አትፍረድብኝ፣ ሜ. እየነዳች ነው። እንቅልፍ ጥሎኝ አረፈድኩ፤ ለመታጠብ ጊዜ አልነበረም። ፌስታሉን ጣልኩ፣ ሻሼን አጥብቄ አሰርኩ፣ ወጣን። ራሴ ግን ለቀቀኝ፣ ተመስገን። ትልቅ ወንዝ ተሻገርን። ኮረብታው ጀመረ። ሜ. ታንጎራጉራለች። ስንት ጊዜዬ ነው ይኸን ድምፅ ከሰማሁ?


እሑድ፣ ሜይ 15፣ ከቤ/ክ መልስ

ትናንት ማታ ደክሞኝ አልጻፍኩልህም። ዛሬ ቀስ ብዬ ልንገርህ።

ደረስን። ተራራው አረንጓዴ፣ ጭጋጉ ገና አልተነሳም። በሩ ላይ ዩኒፎርም የለበሰች ሴት፣ ጸጉሯ ነጭ፣ ጫማዋ ወፍራም። ስንቃችንን አየችና ስንት ሰው ናችሁ አለች። ሁለት። ስንቁን እንደገና አየችው። ሜ. አንገቷን ደፋች። ሴትዮዋ እየሳቀች አንድ የብረት ሳጥን አሳየችን፤ ምግብ ሁሉ እዚያ ይቆለፋል፣ እጀታውን ድብ አይከፍተውም። እኔም ታገልኩት፣ አልከፈትኩትም። ሜ. ከፈተችልኝ። ከድብ አልተሻልኩም።

ማስቲካዬን ሳይቀር ከቦርሳዬ አውጥቼ ጨመርኩ። የከንፈር ቅባቴንም። ሴትዮዋ ቴንኪው አለችኝ። ኮራሁ። ወደ ሜ. ዞር አልኩ፣ እናትሽ ሕግ አክባሪ መሆኗን እይ በሚል ዓይን።

መንገዱ ሐይቁን ታኮ ይሄዳል። ረግረጉ ላይ ሳንቃ አንጥፈውበታል። ውኃው ዝም ያለ ነው፣ ተራራውን ገልብጦ ይዞታል። ዳክዬ ጫጩቶቿን አስከትላ ታልፋለች። ሜ. ከፊት። በየእርምጃው ትቆማለች፤ ይኸ ዛፍ ዕድሜው እንዲህ ነው፣ ይቺ ወፍ የምትጮኸው ለዚህ ነው፣ አማርኛና እንግሊዝኛውን እየቀላቀለች። አንድ ግንድ ላይ የድብ ጥፍር የጫረውን አሳየችኝ። እኔ ደግሞ ግንድ ስመርጥ ነበር። ድብ ቢመጣ የምወጣበትን። ብነግራት ሆዷን ይዛ ሳቀች። ዛፍ በመውጣት ድብ ካንቺ ይሻላል አለች። ታዲያ ምን ይደረጋል? አይሮጥም። ይቆማል። በዝግታ ያናግሩታል፤ ሰው መሆንሽን ይወቅ። ቀስ እያሉ ወደ ኋላ።

ወገቧ ላይ ጣሳ ነገር አንጠልጥላለች። ድብ ቢጠጋ የሚረጩት። ምን አለበት ብላት፣ በርበሬ ነው አለች። በርበሬ! ለካ መሣሪያቸው እኔ የማውቀው ነው። ትንሽ ቀለል አለኝ።

እንዲህ ስታወራ አይቻት አላውቅም። በኮቪዱ ጊዜ ክፍሏን ዘግታ፣ ስክሪን ላይ አፍጥጣ ነበር የምትማረው። ድምጿን የምሰማው ምግብ ሲደርስ ብቻ ነበር። ጠውልጋ ትቀራለች ብዬ ፈርቼ አውቃለሁ። እዚህ ግን እጇ ይናገራል፣ ትከሻዋ ይናገራል። ቀናሁ መሰለኝ፣ በሐይቁ። የኔ ቤት ያላወጣውን ሳቅ ይኸ ውኃ አወጣው። ልቤ ተነካ። እምቢታዬ ግን ባለበት ነው።

ስንመለስ ነው። ሳንቃው ሊያልቅ ሲል። ቁጥቋጦው ይንቀሳቀሳል። ጥቁር ነገር። ትልቅ ውሻ መሰለኝ። ከዚያ ቀና አለ።

በመካከላችን የአንድ ግቢ ስፋት ቢኖር ነው። አፍንጫውን ሽቅብ አድርጎ ያሸታል። ወዲህ፣ ወዲያ። ከዚያ ወደ እኔ። በሁለት እግሩ ብድግ ይላል። ያሸታል። ወደ ሜ. አይደለም። ወደ እኔ!

ያኔ ገባኝ። ራሴ! ቅቤው! ማስቲካ ሳይቀር የቆለፍኩ ሴትዮ አንድ እፍኝ የሸኖ ቅቤ አናቴ ላይ ተሸክሜ ሐይቁን ስዞር ውያለሁ። ፀሐይ አቅልጦት ጆሮዬ ሥር ይወርዳል። ሽቶ ስል፣ ሎሽን ስል፣ እሱ አንድ ጊዜ እንኳ ትዝ አላለኝም። ቅቤ ሽታ ነው ብሎ ማን ያስባል? መድኃኒት ነዋ። የፈሩት ይደርሳል ይላሉ፤ እኔ ግን ራሴ ነኝ የጠራሁት።

ልሮጥ ስል የሜ. ክንድ ደረቴ ላይ አረፈ። ወደ ኋላዋ አደረገችኝ። አንድ እጇን ከፍ፣ ሌላው ጣሳው ላይ። አናገረችው። በአማርኛ። ድምጿ ዝግ ብሎ፦ «ኧረ በእግዜር፣ አይነሡ ጋሼ። እኛ እየሄድን ነው። ይቀመጡ።»

ደብተሬ ሙት ይኸን ነው ያለችው። እንግዳ ቤታችን ሲመጣ፣ ትልቅ ሰው ሊነሣላት ሲል እንዲህ በዪ ብዬ ያስተማርኳት ነው። ሳሎን ውስጥ እየተቅለሰለሰች፣ ዓይኗን እያንከባለለች የምትለው። ለድቡ ግን አንድ ቃል ሳታጎድል አለችው። እያለችው በጀርባዋ ትገፋኛለች። አንድ እርምጃ። ሌላ። ድቡ ይሰማታል። ወረደ። ትንሽ ቆመ። ከዚያ ሥራ እንዳለበት ሰው ዞሮ ጫካው ውስጥ ገባ።

ያኔ ጮህኩ። ቅርንጫፉ መወዛወዙን ካቆመ በኋላ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ሜ. ወደ ሻሼ ጠጋ ብላ አሸተተች። ዓይኗን ጨፈነች። «ማም። ኦ ማይ ጋድ። ቅቤ?»

የመኪና ማቆሚያው ጋ መጸዳጃ ቤት አለ። እዚያ አስገባችኝ፣ አንገቴን ደፋሁ። ቀዝቃዛ ውኃ ብቻ። የእጅ ሳሙና። ቅቤ በቀዝቃዛ ውኃ እንደማይለቅ ታውቃለህ፤ ይረጋል እንጂ። ታሻለች፣ ታጥባለች፣ እንደገና ታሻለች። ልጅ ሆና እኔ እንደማጥባት፣ ሳሙና ዓይኔ እንዳይገባ ግንባሬን በመዳፏ ጋርዳ። ልትቆጣኝ ነው ብዬ ጠበቅኩ። ሳሙና ጨመረችበት እንጂ።

ከዚያ ተሰማኝ። ጣቶቿ ይንቀጠቀጣሉ። ራሴ ላይ። ውኃው በርዷት መሰለኝ፤ አይደለም፣ ክንዷ ሁሉ ነው። ለካ እሷም ፈርታለች። ያን ሁሉ ጊዜ፣ ጋሼ ስትለው፣ ስትገፋኝ፣ ፈርታ ነበር። ቀና ብዬ ልያት ስል ራሴን ወደ ታች መለሰችው። አልጨረስኩም አለች።


ረቡዕ፣ ሜይ 18፣ ከሥራ መልስ

ዌርሃውሱ በሙሉ ሰምቷል። እትዬ ዙሪያሽ በሦስት ቋንቋ ነው ያወራችው። ድቡ አሁን ባለ ጎፈር ሆኗል፤ ነገ ቀንድ ያወጣል።

እግዚአብሔር አሳየሽ አለችኝ፣ ከዚህ በላይ ምልክት የለም፣ ከልክያት። አንገቴን ነቀነቅኩ። አሳማኝ ነው። ከኔ በላይ ምክንያት ያለው እናት አለ? በዓይኔ አይቻለሁ! ግን ቅቤዋን አልነገርኳትም። ታሪኩን ከሻሼ በታች ጀምሬ ነው ያወራሁት። ቅቤዋ ከገባች ጥፋቱ የድቡ መሆኑ ይቀራላ።

በላይ ደወለ። ለሱ ነገርኩት። እንዲህ ሲስቅ ትራኩን አቁሞ መሆን አለበት። ሳቁን ጨረሰ። ከዚያ፣ ልጅቱ አልሮጠችም? አለ። አልሮጠችም አልኩ። እሺ ብሎ ዘጋ። ይኸ ሰው አንድ ቀን ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይናገር ይሆን?


ሐሙስ፣ ሜይ 19፣ ማታ

ሜ. ዕቃ እያጠበች፣ ፊቷን ሳታዞር፦ «እሺ እማ። ነገ ኖ እላቸዋለሁ።»

ቁጣ የለውም። በር አልጠረቀመችም። ድስቱን አለቅልቃ ደፋችው፣ እጇን ጠረገች፣ ደህና እደሪ ብላኝ ገባች። በሯን ዘጋች።

አሸነፍኩ ማለት ነው።

በሩን አየሁት። ያ የኮቪድ ጊዜ በር ነው። እንደዚያው ተዘግቷል።

ደብተሬ፣ አንተን ምን ልዋሽህ። ማሸነፌ ምንም አይጥምም። ድብ ይበላታል ብዬ ነው የከለከልኳት? እስከ ቅዳሜ ጠዋት ድረስ አዎ። አሁን ግን አውቃለሁ፣ ድቡን ያመጣሁት እኔ፣ የሸኘችው እሷ። የምፈራው ሌላ ነው። እዚያ ሐይቅ ዳር እኔ ምንም አላደርግላትም። አልጠቅማትም። ከኋላዋ ቆሜ ማላብ ብቻ። ይኸው ነው የከበደኝ።

እናቴ ትዝ አለችኝ። ዲቪ ደርሶኝ ስትሸኘኝ አሜሪካ ምን እንዳለ ታውቅ ነበር? ድብ ይኑር ዘንዶ ይኑር፣ ማን ነግሯት። ቅቤ በጣሳ አሽጋ ሻንጣዬ ውስጥ ጎሰጎሰች፣ ጉልበቷን አስማ መረቀችኝ። እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። እርጅና ነው ብዬ ነበር።

የምርቃት ቁልፍ ለመቆለፊያ አይደለም፣ ለመክፈቻ ነው። ነገ በጠዋት፣ ኖ ሳትላቸው፣ እነግራታለሁ።


ዓርብ፣ ሜይ 20፣ ጠዋት

ነገርኳት። ቁርሷን እየበላች። ሂጂ አልኳት። ማንኪያዋ አየር ላይ ቀረ። አልዘለለችም፣ አልጮኸችም። ቅዳሜ ፈርተሽ ነበር አይደል አልኳት። አዎ አለች። ለምን አልነገርሽኝም ብላት፣ አንቺ ትሮጪ ነበራ አለች። እውነቷን ነው።

ምርቃቱን ለመሄጃሽ ቀን አልኳት። ከዚያ መኝታ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። እትዬ ዙሪያሽ ውጪ የመኪናዋን ጥሩንባ እየነፋች ነው፤ ዓይኔን ታጥቤ ልውጣ። ዛሬ በመንገድ ላይ ቅቤዋንም እነግራታለሁ፣ ትሳቅብኝ።


ቅዳሜ፣ ጁን 4፣ ጠዋት

ሜላት መኪና ላይ ዕቃ እየጫነች ነው። በላይ ትናንት ገብቷል፣ የጎማ አየር እየለካላት። ከጎማ ውጪ ፍቅር መግለጫ የለውም።

ሻንጣዋን ትናንት ማታ እኔ ነኝ ያሰናዳሁት። ሽሮ። በርበሬ። ድርቆሽ። ካልሲ። ንጥር ቅቤ በብርጭቆ ዕቃ፣ ክዳኑ በፌስታል ተጠቅልሎ፣ ከሹራቧ መሃል። እጄ ራሱ ነው ያስገባው። እኛ ዘንድ ሰው መንገድ ሲሄድ ቅቤ ይያዛል፣ ይኸን ማን ያስባል። ሜላት ቆማ ስታይ ነበር። እንደለመደችው፣ ለኔ ስትል ልትሸከመው።

አሁን ማንም ሳያየኝ ዚፑን ከፈትኩ። ሹራቧን ፈታሁ። ቅቤውን አወጣሁት።

ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል፣ አጠገብህ። ብርጭቆው ውስጥ ቢጫ ሆኖ ያየኛል። ከናቴ ቤት ጀምሮ ያለ ቅቤ የተሸኘ ልጅ የለም፤ ልጄ የመጀመሪያዋ ናት። ባዶ እጇን የሰደድኳት መሰለኝ።

በርበሬውን ግን አላወጣሁም። በርበሬው ይሂድ። እሱን ድቡም ያውቀዋል።

እየጠራችኝ ነው። እማ፣ ነይ መርቂኝ ትላለች፣ ጎረቤት እየሰማ፣ በአማርኛ። ምን ብዬ እንደምጀምር እንኳ…